የአደጋ መከላከያ መሣሪያ አጠቃቀም ሥልጠና፦ ከመዝገብ ፊርማ እስከ ሠራተኛው እጅ



 የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ሲሰሙት አነስ ያለ ይመስላል፦ ሄልሜት፣ ጓንት፣ መነጽር፣ ጭንብል፣ የጆሮ መሸፈኛ፣ ቦት ጫማ። በየፋብሪካውና በየግንባታው ሥፍራ ሠራተኛው እነዚህን ሁሉ ጠቅልሎ «ሴፍቲ» ይላቸዋል። እኔ ልናገር የምሻው ሠራተኛው በእነዚህ ዕቃዎች በአግባቡ እንዲጠቀም ስለሚሰጠው ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማሳየት ከአንድ ገጠመኝ ልነሣ።

ከዓመታት በፊት፣ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ መረጃ እሰበስብ ነበር። ጥሬ ቆዳ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ውስጥ ተነክሮ ፀጉሩ በሚለቅበት ክፍል የምትሠራ አንዲት ወጣት እጇ በጽኑ ተጎድቶ አገኘኋት። ያጠለቀችው የላስቲክ ጓንት በጣቶቹ መካከል በቀላሉ የማይታይ ቀዳዳ ነበረው። ፈሳሹ በቀዳዳው ገብቶ፣ ከቆዳዋ ጋር ታፍኖ ለሰዓታት ቆየ። እንዲህ ያለው የአልካሊ ፈሳሽ መጀመሪያ ላይ እንደ ሳሙና ከማሟለጭ በቀር ብዙ ሕመም ላይሰማበት ይችላል፤ ሕመሙ ሲመጣ ግን ጉዳቱ ጠልቋል። ጓንቱን ለምን ፈጥና እንዳላወለቀች ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ጓንት እንዳታወልቂ ተብያለሁ።»

በግል ማኅደሯ ውስጥ የሥልጠና መከታተያ ቅጽ ነበር። በቅጹ ላይ የተቀደደ ጓንት ወዲያውኑ መለወጥ እንዳለበት የሚገልጽ መስመር አለ፤ ከሥሩም ፊርማዋ። ሥልጠናው የተሰጠው በአማርኛ፣ በአንድ አዳራሽ፣ ለብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ነው። እርሷ ደግሞ አማርኛን ለገበያ ያህል እንጂ ከዚያ አልፋ አታውቀውም ነበር፤ ከግማሽ ቀኑ ገለጻ የያዘችው ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የካሣ ጥያቄ ሲነሣ ከአሠሪው ወገን የቀረበው ማስረጃ ያው ፊርማ ሆነ። የተነገራትን ቃል በቃል የፈጸመች ሠራተኛ ትእዛዝ እንደጣሰች ተቆጠረች።

የፊርማው ሕጋዊ ክብደት

ያ ወረቀት ይህን ያህል ኃይል ያገኘው ከየት ነው? በወቅቱ በሥራ ላይ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነበር፤ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በዚህ ነጥብ ላይ መሠረታዊ ለውጥ አላደረገም። አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛው ስለሚሠራው ሥራ አደገኛነትና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ በሚገባ እንዲያውቅ የማድረግ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ የማቅረብ፣ ስለ አጠቃቀማቸውም መመሪያ የመስጠት ግዴታ ይጥልበታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ማቅረብና ማስተማር በአንድነት የተቀመጡ ግዴታዎች ናቸው። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጡትን መሣሪያዎች በአግባቡ እንዲጠቀምባቸው ያዝዛል።

ከሁሉ የሚከብደው አንቀጽ 96 ነው። አንቀጹ በመርሕ ደረጃ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ነገር ግን ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ አይሆንም፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ ሳይከተል ቀርቶ የደረሰበት ጉዳትም ሆን ብሎ እንዳደረሰው ይቆጠርበታል። ስለዚህ በሥልጠና መዝገብ ላይ ያለች ፊርማ ካሣ በማግኘትና በማጣት መካከል የምትቆም ማስረጃ ልትሆን ትችላለች።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ የደኅንነት መምህር ነኝ። እንደ መምህር ግን «በግልጽ» የሚለውን ቃል በቸልታ ላልፈው አልችልም። ሰሚው ባልተረዳው ቋንቋ፣ ባልታየ ምሳሌ፣ ባልተሞከረ ድርጊት የተሰጠ መመሪያ እንዴት ግልጽ ሊባል ይችላል? ተናጋሪው ተናግሮ መጨረሱ የመመሪያው ግልጽነት መለኪያ ሊሆን አይገባም፤ መለኪያው ሰሚው ሠርቶ ማሳየቱ ነው። የዛሬው ገለጻዬ በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

መሣሪያው የመጨረሻው መስመር ስለመሆኑ

ወደ ሥልጠናው ይዘት ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በሙያችን የመከላከል እርምጃዎች ቅደም ተከተል አላቸው። በመጀመሪያ አደጋውን ከነጭራሹ ማስወገድ፤ ያ ካልተቻለ አደገኛውን ነገር አነስተኛ አደጋ ባለው መተካት፤ ቀጥሎ በምሕንድስና መቆጣጠር፣ ማለትም ማሽኑን መከለል፣ አቧራውን ከምንጩ መምጠጥ፣ ድምፁን ማፈን፤ ከዚያም የሥራ ሥርዓቱን ማስተካከል። የግል መከላከያ መሣሪያ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው።

የመጨረሻ የሆነበት ምክንያት አደጋውን ከቦታው ስለማያነሣው ነው። አቧራው አለ፣ ድምፁ አለ፣ ኬሚካሉም አለ፤ በሰውየውና በአደጋው መካከል የቀረው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። የማሽን ከለላ ሠራተኛው ቢደክም፣ ቢቸኩል፣ ቢያዝንም ሥራውን ይሠራል። ጭንብል ግን በእያንዳንዷ ደቂቃ በለበሰው ሰው እውቀትና ትጋት ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ከመከላከያ እርምጃዎች ሁሉ ይበልጥ ሥልጠና የሚሻው ይኸው መሣሪያ ነው። ይህን ስል ሥልጠና ለተበላሸ ማሽን ምትክ ይሆናል ማለቴ አይደለም። የአቧራ መምጠጫ ሊተከል ሲገባው ጭንብል አድሎ «አሠልጥኛለሁ» የሚል ድርጅት የራሱን ግዴታ በሠራተኛው ፊት ላይ አንጠልጥሎታል።

ሠልጣኙ ሊያውቃቸው የሚገቡ አምስት ነገሮች

አንደኛው መሣሪያው ከምን እንደሚከላከልና ከምን እንደማይከላከል ነው። በተለምዶ ኤን95 የምንለው ጭንብል ለማጣራት እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት፣ ስፋታቸው 0.3 ማይክሮ ሜትር ገደማ ከሆኑ ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን ይይዛል። ጋዝን ግን አይይዝም። በቆዳ ፋብሪካ ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ በመጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። የአቧራ ጭንብል አድርጎ ወደዚያ ጉድጓድ የሚወርድ ሠራተኛ ያለ ምንም መከላከያ እንደ ወረደ ይቆጠራል፤ እንዲያውም ተከልያለሁ ብሎ ስለሚተማመን ይብሳል። ጓንትም እንዲሁ ነው፤ የቆዳ ጓንት ለብየዳ እንጂ ፀረ ተባይ ለመበጥበጥ አይሆንም፣ ፈሳሹን መጥጦ ከእጅ ጋር ያቆየዋልና።

ሁለተኛው ልክ ነው። እንዲህ ያለ ጭንብል ከፊት ጋር ካልገጠመ አየሩ በማጣሪያው ፈንታ በጠርዙ ይገባል። ስለዚህ ሠልጣኙ የአፍንጫውን ሽቦ መጫን፣ ሁለቱንም ማሠሪያ በየቦታቸው ማዋል፣ ከዚያም ጭንብሉን በእጁ ሸፍኖ በመተንፈስ አየር በጠርዙ እንደማያመልጥ መፈተሽ አለበት። ጢም ባለበት ፊት ላይ ይህ ግጥምጥሞሽ አይገኝም። በዚህ ረገድ የሴት ሠራተኞች ጉዳይ በተለይ ሊነሣ ይገባዋል። ለትልቅ የወንድ እጅ የተሠራ ጓንት በትንሽ እጅ ላይ ጫፉ ይንጠለጠላል፤ ማሽንም ይይዘዋል። ልክ ያልሆነ ዕቃ አድሎ ስለ አጠቃቀሙ ማስተማር ትርጉም የለውም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ይህን በቁጥር ላስረዳ። በድምፅ መለኪያ በእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጭማሪ የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን በስፋት እንደ ወሰን የሚወሰደው 85 ዴሲቤል ነው። አንድ ሠራተኛ ድምፁ 100 ዴሲቤል በሆነ ክፍል ውስጥ 30 ዴሲቤል የሚቀንስ የጆሮ መሸፈኛ ተሰጠው እንበል። ቀኑን ሙሉ ካደረገው ወደ ጆሮው የሚደርሰው 70 ዴሲቤል ነው። ከ8ቱ ሰዓት ለ30 ደቂቃ ብቻ ቢያወልቀው የቀኑ አማካይ መከላከያ ወደ 12 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የደረሰበትም 88 ይሆናል፣ ከወሰኑ በላይ ማለት ነው። ለግማሽ ቀን ቢያወልቀውስ? ብዙ ሰው 15 ዴሲቤል ይቀረዋል ብሎ ያስባል፤ የሚቀረው ግን 3 ብቻ ነው። ሠራተኛው ለመነጋገር ብሎ ለጥቂት ደቂቃ የሚያወልቀው መሸፈኛ ምን እንደሚያስከፍለው ካላወቀ ጥፋተኛ ልንለው አንችልም።

አራተኛው አወላለቅ ነው። ብዙ ሥልጠናዎች ስለ አለባበስ አስተምረው ያበቃሉ፤ መበከል ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሲወልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ የኢቦላ ሕመምተኛ ያስታመሙ 2 ነርሶች በበሽታው ከተያዙ በኋላ፣ የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መመሪያውን አጠበቀ። ባለሙያዎቹ ተደጋጋሚ ልምምድ አድርገው ብቃታቸውን እንዲያሳዩ፣ መሣሪያውንም ሲለብሱና ሲያወልቁ የሠለጠነ ተመልካች አጠገባቸው እንዲቆም ጠየቀ። እነዚህ የተማሩ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ለእነርሱ ያስፈለገው ልምምድ ለአበባ እርሻ ሠራተኛችን ትርፍ ነገር ሊሆን አይችልም። የአንዱን ጓንት አንጓ ከውጭ በኩል ቆንጥጦ ወደ ውጭ ገልብጦ ማውጣት፣ ባዶ የሆነውን ጣት በሌላኛው ጓንት ውስጠኛ ክፍል አስገብቶ ያንንም መገልበጥ፤ ይህ የ10 ሰኮንድ ድርጊት ነው፤ ነገር ግን በእጅ እንጂ በጆሮ አይለመድም።

አምስተኛው ወሰን ነው፤ መሣሪያው የማይረዳበት፣ እንዲያውም የሚጎዳበት ጊዜ። በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ላይ ጓንት ማጥለቅ እጅን ወደ ማሽኑ ይስባል። ከፍታ ላይ የሚታሠር የደኅንነት ቀበቶም ስሌት አለው። ገመዱ 1.8 ሜትር፣ ድንጋጤ ቀናሹ ሲዘረጋ 1 ሜትር ገደማ፣ ከቀበቶው ማያያዣ እስከ ሰውየው እግር 1.5 ሜትር፣ ለጥንቃቄ ሌላ 1 ሜትር፤ ድምሩ ከ5 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ገመዱ የታሠረበት ነጥብ ከመሬት 4 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ ሠራተኛው ቀበቶ እንደታጠቀ መሬት ሊመታ ይችላል። የወጣቷ ጓንትም እንዲሁ ነበር፤ ቀዳዳ ያለው ጓንት ኬሚካሉን ከቆዳዋ ጋር ስላፈነው ከባዶ እጅ ባሰ። እርሷ የተማረችው «አታውልቂ» የሚለውን እንጂ መቼ ማውለቅ እንዳለባት አልነበረም።

እንዴት እናሠልጥን?

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መጽሔት ላይ ማይክል በርክና ባልደረቦቹ 95 ጥናቶችን በአንድነት መርምረው ያወጡት ጽሑፍ ለጥያቄያችን ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ሠልጣኙ ከማዳመጥ አልፎ በድርጊት፣ በልምምድና በውይይት በተሳተፈ ቁጥር የሚያገኘው እውቀት ይበልጣል፤ አደጋም ይቀንሳል። በግማሽ ቀን ንግግርና በወረቀት የሚያልቀው ሥልጠና ግን በዚህ መሰላል ላይ ዝቅተኛውን ደረጃ ይይዛል።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክረው አሠራር ውድ አይደለም። በመጀመሪያ ሥልጠናው በትንንሽ ቡድን፣ ሥራው በሚሠራበት ቦታ፣ ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ ይሰጥ። የሲዳምኛ፣ የወላይትኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ በሚበዛበት ፋብሪካ ከሠራተኞቹ መካከል አስተማሪ ማዘጋጀት ይቻላል። ሁለተኛ፣ አሠልጣኙ አሳይቶ ዝም ይበል፤ ሠልጣኙ እየሠራ ያስረዳ። እናቶቻችን እንጀራ መጋገር የሚያስተምሩት በገለጻ አይደለም፤ ምጣዱ ላይ አስቁመው፣ የመጀመሪያው ሲበላሽ ታግሠው ነው። ሦስተኛ፣ በፊርማው ፈንታ የብቃት መዝገብ ይያዝ፦ ሠራተኛው ጓንቱን በአየር ሞልቶ ቀዳዳ መኖሩን መርምሯል? ጭንብሉን ገጥሟል? በትክክል አውልቋል? ይህን በዓይኑ ያየው ሰው ይፈርም። አራተኛ፣ ሥራው፣ ኬሚካሉ ወይም መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ሥልጠናው ይደገም። የቀን ሠራተኛውም ከዚህ አይገለል፤ ድንጋዩ የሚወድቀው የቅጥር ውል አንብቦ አይደለም።

አምስተኛው የአለቆች ምሳሌነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 መጨረሻና በ1911 መጀመሪያ በማንቹሪያ የሳንባ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ሐኪሙ ዉ ሊየን-ቴ ከጥጥና ከሻሽ የተሠራ ጭንብል እንዲደረግ አዘዘ። በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል የሚለውን ሐሳብ ያልተቀበለው ፈረንሳዊው ሐኪም ዤራልድ ሜኒ ያለ ጭንብል ሕሙማንን ጎበኘ፤ በቀናት ውስጥም ሞተ። ማዕርግ ከበሽታ አይከላከልም። ሄልሜት ሳያደርግ በግንባታው መካከል የሚያልፍ መሐንዲስ ካቦው ለአንድ ወር ያስተማረውን በአንድ ዙር ያፈርሰዋል።

ስለሚነሡ ክርክሮች

አሠሪዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው «ሠራተኛው ቸልተኛ ነው፤ ሰጥተነው አያደርግም» የሚል ነው። እውነት አለበት፤ ነገር ግን ለምን እንደማያደርግ ጠይቁት። በቆላማ እርሻ የፕላስቲክ ቱታ ለብሶ መርዝ የሚረጭ ሰው ሙቀቱ ያዞረዋል፤ መፍትሔው ርጭቱን ወደ ማለዳ ማዞርና የዕረፍት ጊዜ መስጠት ነው። በቁራጭ የምትከፈል ሠራተኛ መነጽሯ በእንፋሎት ሲሸፈን ቆማ ብታጸዳ ገቢዋ ይቀንሳል። ቀዳዳ ጓንት የመለሰ ሠራተኛ «ንብረት አጠፋህ» ተብሎ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ ቀዳዳውን ይደብቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 የደኅንነት እርምጃዎች በሠራተኛው ላይ ወጪ ሊያስከትሉ እንደማይገባ የሚደነግገው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ጊዜ ቸልተኝነት የምንለው ነገር ሠራተኛው በጸጥታ የሚሰጠን አስተያየት ነው፤ ጥሩ አሠልጣኝም ይህን አስተያየት ሰምቶ ወደ ኃላፊዎች ያደርሳል።

ሁለተኛው «ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ይለቃል፤ ለሌላ ድርጅት ለምን እናሠልጥን?» የሚል ነው። አዲስ ሠራተኛ ማሽኑንም ቦታውንም ስለማያውቅ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የሠራተኛ መፈራረቅ የመጀመሪያውን ሳምንት ሥልጠና ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ ትርፍ አያደርገውም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ውድ ተማሪዎቼ፤ ነገ ከእናንተ አንዳንዶቹ የፋብሪካ ኃላፊ፣ አንዳንዶቹ ተቆጣጣሪ፣ አንዳንዶቹም መምህር ትሆናላችሁ። በጠረጴዛችሁ ላይ የፊርማ ዝርዝር ይቀርብላችኋል። ያን ጊዜ ከወረቀቱ ተነሥታችሁ ወደ ሥራው ቦታ ውረዱ፤ ከስሞቹ አንዱን መርጣችሁ «እስኪ ጓንትህን እንዴት እንደምትመረምር አሳየኝ» በሉት። መልሱን በእጁ ታዩታላችሁ። እኛ መምህራንም ከራሳችን ቤተ ሙከራና ዎርክሾፕ እንጀምር፤ ተማሪው አሲድ ከመቅዳቱ በፊት በጓንቱ ላይ ፈትነነው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

የዚያች ወጣት ጉዳይ ከብዙ ምልልስ በኋላ በስምምነት ተቋጨ፤ ከጠየቀችው የተወሰነውን አገኘች። ሁለት ጣቶቿ ግን እንደ ቀድሞው አልታጠፉም። ለመጨረሻ ጊዜ ባገኘኋት ጊዜ በግራ እጇ መጻፍ እየተለማመደች ነበር። ከዚያ ወዲህ የሥልጠና መዝገብ ባየሁ ቁጥር በመጀመሪያ የማስበው ስለ ፈራሚው እጅ ነው።